ቡድሃው ደጅ የሚያድርባት ከተማ፦ ካማኩራ ውስጥ መኖር (ቆሻሻ፣ ባቡር፣ ሱናሚ፣ ሌላም)

ዩኢጋሃማ_ሰፈር
ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው አንድ ሰው "ጃፓን ውስጥ ከቶኪዮ ውጪ የሚኖር ሀበሻ አለ ወይ" ብሎ ሲጠይቅ አይቼ ነበር፣ አለን እንጂ፣ ጥቂት ነን ግን አለን። እኔ ካማኩራ ነኝ። ከቶኪዮ በደቡብ ምዕራብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል፣ በባቡር አንድ ሰዓት ገደማ፣ 170 ሺህ ሰው አካባቢ የሚኖርባት የባህር ዳር ከተማ ናት፣ በሶስት ጎኗ ኮረብታ በአንዱ ባህር። ብዙ ሰው የሚያውቃት በትልቁ ቡድሃ ነው። ከነሐስ የተሰራ፣ ቁመቱ ያለ መደቡ 11 ሜትር ከምናምን፣ ክብደቱ 121 ቶን፣ ስራው በፈረንጅ 1252 ነው የተጀመረው። ድሮ ቤት ነበረው፣ ትልቅ የእንጨት አዳራሽ። 14ኛው ክፍለ ዘመን ላይ አውሎ ነፋስ ደጋግሞ አፈረሰበት፣ በኋላ 1498 ላይ ደግሞ ሱናሚ ጠርጎ ወሰደው ነው የሚባለው። ከዛ ወዲህ ማንም አልሰራለትም፣ ከ500 ዓመት በላይ ዝናብና ፀሐይ እየተፈራረቀበት ደጅ ተቀምጧል።

ከባህሩ እስከ ቡድሃው ኪሎ ሜትር እንኳን አይሞላም። የኔ ቤት መሃል ላይ ነው እንግዲህ አስቡት ሃሃሃ

ስለ ቱሪዝሙ ዩቲዩብ ላይ ሞልቷል፣ እኔ መጻፍ የፈለግኩት ስለ ኑሮው ነው፣ ቆሻሻ ማን ያነሳል፣ ባቡሩ እንዴት ነው፣ ሳይረን ሲጮህ ወዴት ይኬዳል። ጠይቁኝ።

ካትሱሺካ_ቦይ
ወንድሜ እኛ እዚህ ቶኪዮ ካትሱሺካ ሰፈር ተሰብስበን ቡና እየጠጣን አንተ ብቻህን ባህር ዳር ምን ትሰራለህ? ቆሻሻው እውነት ነው የሚሉት? አንድ የማውቀው ልጅ ካማኩራ ቤት ተከራይቶ በቆሻሻው ምክንያት ሊያብድ ነበር

ዩኢጋሃማ_ሰፈር
እህትህ ነኝ ሃሃሃ። ባለቤቴ የዚህ ሰፈር ልጅ ስለሆነ ነው የመጣሁት።

ቆሻሻው እውነት ነው። የሚቃጠል በሳምንት ሁለት ቀን ይነሳል፣ የማሸጊያ ፕላስቲክ ለብቻ፣ ወረቀትና ጨርቅ ለብቻ፣ ጠርሙስና ጣሳ ለብቻ፣ የውሃ ፕላስቲክ ለብቻ፣ ያገለገለ የምግብ ዘይት ሳይቀር ለብቻ። የግቢ ቅርንጫፍና ሳር ደሞ በነፃ ይወስዱታል፣ ማዳበሪያ ይሆናል። ለሚቃጠለው ግን ከ2015 ጀምሮ የከተማውን ከረጢት ገዝተህ ነው የምታወጣው፣ በሊትር 2 የን ገደማ ይመጣል። ትንሽ ይመስላል፣ ግን ቆሻሻ በሊትር መክፈል ስትጀምር አእምሮህ ይቀየራል፣ ሱቅ ገብቼ ሙዝ ሳነሳ "ይሄ ልጣጭ ስንት ሊትር ነው" እላለሁ እናቴ ትሙት።

የመጀመሪያው ወር ላይ የሽሮ እቃ የተጠቀለለበትን ፕላስቲክ ሳላጥብ አወጣሁ። ማታ ስመለስ ከረጢቴ ብቻውን ቆሟል፣ ቢጫ ወረቀት ተለጥፎበት። ሰፈሩ በሙሉ በርበሬ የሸተተው የማን እንደሆነ አውቋል ማለት ነው። አንዲት 80 ያለፋቸው ጎረቤቴ በር አንኳኩተው መጡ፣ ሊቆጡኝ መስሎኝ ደነገጥኩ፣ እሳቸው ግን የቀኖቹን ሰንጠረዥ በእጃቸው በቀለም አቅልመው ነው ያመጡልኝ። እስካሁን ፍሪጄ ላይ አለ።

እቴነሽ_ከሜሪላንድ
እግዚአብሔር ይስጣቸው እኚህን እናት። የኔ ልጅ ሽሮውን ግን አቅምሻቸው?

ዩኢጋሃማ_ሰፈር
አቀመስኳቸው እትዬ። በሩዝ በሉት። ምንም አላልኩም 😅

ጥያቄ_አለኝ
ግን እንደዚህ ተሰቃይቶ መለየት ጥቅሙ ምንድነው? መጨረሻ ላይ አንድ መኪና ላይ ጭነው የሚያቃጥሉት ከሆነስ

ዩኢጋሃማ_ሰፈር
አይደለም። ካማኩራ ከቆሻሻዋ ከግማሽ በላዩን መልሳ ትጠቀማለች፣ የጃፓን አማካይ 20 በመቶ አካባቢ ነው፣ በከተሞች ደረጃ ሁሌ ከላይ ናት። ሱስ ሆኖባቸው እንዳይመስልህ፣ ማቃጠያ ስለሌላቸው ነው። ኢማይዙሚ የሚባለው ማቃጠያ 2015 ላይ ቆመ፣ ናጎኤ የሚባለው የመጨረሻው ደሞ አርጅቶ 2025 ላይ አበቃ። አዲስ እንስራ ሲባል የት? ኮረብታው ታሪካዊ ነው አይነካም፣ ሜዳው በቤት ተጨናንቋል፣ የትኛውም ሰፈር "እኔ ጋ አይሆንም" አለ። ስለዚህ አሁን የሚቃጠለው ጎረቤት ከተማ ዙሺን ጨምሮ ከከተማው ውጪ ነው የሚሄደው። በሰው ምድጃ የምትጋግር ሴት ዱቄት አታባክንም አይደል።

መሐንዲሱ
በጣም ደስ የሚል ፖስት ነው። እኔ ሲቪል መሐንዲስ ነኝ እና ስለ ሀውልቱ አንድ ነገር ልጨምር። 1923 መስከረም 1 ቀን (በፈረንጅ) በታላቁ የካንቶ መሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ መደቡ ተጎድቶ ቡድሃው ራሱ ወደፊት ተንሸራቶ ነበር። ከዛ 1960 እና 61 ላይ ሲጠግኑት አንገቱን ከውስጥ በፋይበር ፕላስቲክ አጠናከሩት፣ በሀውልቱና በመደቡ መሃል ደግሞ የማይዝግ ብረት ዝርግ አስገቡበት። ምን ማለት ነው፣ መሬት ሲንቀጠቀጥ መደቡ ይሄዳል ቡድሃው ይንሸራተታል፣ አይሰበርም። ዛሬ ሆስፒታልና ፎቅ ላይ የሚሰራውን ሃሳብ የዛሬ 60 ምናምን ዓመት ለጣዖት ሰሩለት 😄

ጥያቄዬ፦ ሰዎቹስ? ለሰዎቹ ምን ተሰራ?

ዲያቆን_ነኝ_ባይ
"ጣዖት" የሚለው ቃል ለኛ ትክክል ነው ግን የሰው አገር እንግዳ ሆነን ቀስ እንበል። እህታችን ግን አንቺስ እዛ ገብተሽ ትሰግጃለሽ እንዴ? ለማወቅ ያህል ነው

ዩኢጋሃማ_ሰፈር
አልሰግድም። 300 የን ከፍዬ ገባሁ፣ 50 የን ጨምሬ ሆዱ ውስጥ ገባሁ (እውነት ነው፣ ውስጡ ክፍት ነው ደረጃ አለው)፣ ወጣሁ። ማተቤን ያየ መነኩሴ ፈገግ አለልኝ፣ ያ ነው።

አቶ መሐንዲስ ለሰዎቹ የተሰራው በአብዛኛው ምልክትና ድምፅ ነው። የስልክ እንጨት ላይ ሁሉ "እዚህ ከባህር ወለል በላይ ይህን ያህል ሜትር ነው" የሚል ተለጥፏል። ክፍለ ሀገሩ ያወጣው የከፋ ግምት እዚህ እስከ 14.5 ሜትር የሚደርስ ሞገድ ነው፣ እሱም በደቂቃዎች ውስጥ። እና ደንቡ አንድ ነው፣ ወደ ኮረብታ መሮጥ። ባህሩ ላይ ለሚዋኙና መስማት ለማይችሉ ደሞ ቀይና ነጭ አራት ማዕዘን ያለው ባንዲራ ያውለበልባሉ፣ ከ2020 ጀምሮ በአገር ደረጃ ነው።

እኔ የኖርኩበትን ልንገራችሁ። 2025 ጁላይ 30 ሩሲያ ካምቻትካ ላይ 8.8 የሆነው ጊዜ ማስጠንቀቂያው እኛም ጋ ደረሰ። ሙቀቱ ሊገድል ነው፣ እኔ ወጥ ጥጄ ነበር፣ በየመንገዱ ያሉት ድምፅ ማጉያዎች አንድ ላይ ጮሁ፣ ስልኬም ጮኸ፣ እሳቱን አጥፍቼ ፓስፖርትና ውሃ ይዤ ወጣሁ። ከባህሩ በኩል ሰው ዋና ልብሱን እንደለበሰ ይመጣል፣ ሰርፍ ሰሌዳውን የያዘም አለ። ማንም አይሮጥም፣ ማንም አይጮህም፣ ብቻ ሁሉም ወደ ኮረብታው ይሄዳል። እኚያ ሰንጠረዥ ያቀለሙልኝ ጎረቤቴ በጋሪያቸው እየተደገፉ አየኋቸው፣ ተያይዘን ወጣን። ከላይ ሆነን ባህሩን ስናየው ምንም የለውም፣ ዝም ብሎ ያብረቀርቃል። ሰዓታት ተቀመጥን። እሳቸው "እናቴ የ1923ቱን ጊዜ በዚሁ መንገድ ነው የወጣችው" አሉኝ። ያን ዕለት ባህሩ እውነትም መጥቶ ነበር።

ወጡ አረረ አላረረ ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ፣ አጥፍቼው ነው ያልኩት።

የላሊበላው_ልጅ
እኔ እንደ ላስታ ልጅ ስለሆንኩ ይሄን ክር ሳነብ ሌላ ነገር ነው የታየኝ። ይሄ ካማኩራን መቀመጫው ያደረገው ዮሪቶሞ 1192 ላይ ሾጉን (የጃፓን የጦር ገዢ) ሲባል እኛ ጋ የቅዱስ ላሊበላ ዘመን አካባቢ ነው። እኛ 1978 ዩኔስኮ ገባን። የነዚህስ?

አንድ ነገር ግን ልበል፣ ቅርስ ያለበት ከተማ የሚኖር ሰው ሁሌ እንግዳ ነው። ቱሪስቱ ሆቴል ይገነባለታል ነዋሪው ውሃ ይጠብቃል፣ የቆርቆሮ ጣሪያህን ልትቀይር ፈቃድ ጠይቅ ትባላለህ። ሰፈሬ ድሮ ቤተክርስቲያኑ ጥግ ነበር፣ ተነስተን ራቅ ብለን ነው የሰፈርነው። ጃፓን ሆነ ላስታ ያው ነው፣ ቅርሱ ለዓለም ቆሻሻው ለነዋሪው።

ዩኢጋሃማ_ሰፈር
ካማኩራ ዩኔስኮ አልገባችም። 2013 ላይ አጥኚዎቹ "አይመዘገብ" ብለው ሃሳብ ሲሰጡ ጃፓን ራሷ ጥያቄዋን አነሳች። የገረመኝ ብዙ ነዋሪ አላዘነም። ባለቤቴን ስጠይቀው "ከዚህ በላይ ሰው ቢመጣ በየት ልንቆም ነው" አለኝ።

የምትለው ግን ልክ ነህ እና ባቡሩን ላንሳልህ። ኤኖደን የሚባል ትንሽ አረንጓዴ ባቡር አለን፣ 10 ኪሎ ሜትር፣ 15 ጣቢያ፣ ነጠላ ሐዲድ፣ አንድ ቦታ ላይ አስፋልት መሃል ከመኪና ጋር ይሄዳል። በፊት በየ12 ደቂቃው ነበር፣ ሰው በዝቶ መዘግየቱ ሲያስቸግር 2023 ላይ በየ14 ደቂቃው አደረጉት። በጎልደን ዊክ (የኤፕሪል መጨረሻና የሜይ መጀመሪያ በዓላት) ወረፋው ከጣቢያው ወጥቶ መንገድ ላይ ይጠመዘዛል። ታዲያ ማዘጋጃ ቤቱ ምን አደረገ፣ በሐዲዱ ዳር ለምንኖር ሰዎች ወረቀት ሰጠን። ያንን ወረቀት ስታሳይ ከውጪው ወረፋ ቀድመህ ትገባለህ። ወረቀቱን ይዤ በዛ ሁሉ ሰው ፊት ሳልፍ ሰው ሁሉ ፊቴን ያየኛል፣ ከሁሉም የማልመስለው እኔ ነኝ የሰፈሩ ሰው ሃሃሃሃ። አንድ ቱሪስት በእንግሊዝኛ "ኤክስኪዩዝ ሚ ወረፋው በዚያ ነው" ብሎ ወደ ኋላ አሳየኝ።

ካትሱሺካ_ቦይ
ሃሃሃሃሃ ሞትኩኝ

ጥያቄ_አለኝ
ቱሪስቱ ለምን አይከፍልም ታዲያ? ቀላል አይደል እንዴ

ዩኢጋሃማ_ሰፈር
ኦ አሁን መጣህ። ይሄ ክርክር እዚህ ከተማ 700 ዓመት አልፎታል እኮ። ከኤኖደን ጣቢያዎች አንዱ ጎኩራኩጂ ይባላል፣ በአንድ ገዳም ስም ነው። 13ኛው ክፍለ ዘመን ላይ እዛ ኒንሾ የሚባል መነኩሴ ነበር (1217 እስከ 1303)። ይሄ ሰውዬ ዛሬ ማዘጋጃ ቤት የሚሰራውን ሁሉ ይሰራ ነበር። የታመመ የሚያስታምም ቤት ሰራ፣ የሥጋ ደዌ ያለባቸውን ሰዎች ማንም በማይነካቸው ጊዜ አስጠጋ፣ መንገድ አወጣ፣ ድልድይ ሰራ፣ ጉድጓድ ቆፈረ፣ ለፈረሶች ሳይቀር ሀኪም ቤት አቋቋመ። ገዳሙ ግቢ ውስጥ መድኃኒት ይፈጩበት ነበር የሚባል የድንጋይ ሙቀጫ እስከዛሬ አለ። ሞባይል እያየህ ታልፈዋለህ፣ ድንጋይ ነው የሚመስለው።

ብሩን ከየት አመጣ? ከወደቡ። ዛይሞኩዛ ባህር ዳርቻ ላይ ባህሩ ሲሸሽ የሚታይ የድንጋይ ክምር አለ፣ ዋካኤ ደሴት ይሉታል፣ 1232 ላይ ሌላ መነኩሴ መርከቦች እየተሰበሩ አስቸግሮት ያሰራው ወደብ ነው፣ ጃፓን ውስጥ ቅሪቱ ካለ ሰው ሰራሽ ወደብ ሁሉ ትልቁ ዕድሜ የሱ ነው። በኋላ የኒንሾ ገዳም እዛ ከሚገባው እቃ ቀረጥ እየሰበሰበ ወደቡን ይጠግን ነበር፣ በየመንገዱም ኬላ አቁሞ ሳንቲም ይቀበላል። እና ኒቺረን፣ ያው በስሙ የሚጠራው የቡድሂዝም ክፍል መስራች፣ በጽሑፉ ሲወቅሰው "በወደብ ሩዝ ይወስዳል፣ በኬላ ገንዘብ ይወስዳል፣ ከዚያ ድልድይ ሰራሁ ይላል፣ ሕዝቡ በዚህ ይማረራል" የሚል መንፈስ ያለው ነገር ጽፏል። ማለቴ የመንገድ ክፍያ ክርክር ነው በቃ! ዛሬ ማዘጋጃ ቤቱ ቅዳሜና እሁድ ወደ ከተማ ከሚገባ መኪና ገንዘብ እንቀበል ብሎ ሲያጠና ስንት ዓመቱ፣ ሰዉ እንደዚያው ሁለት ላይ ተከፍሎ ይጨቃጨቃል።

እኔ? እኔ ከኒንሾ ጋር ነኝ። የታመመ ካስታመመ ይውሰድ።

የላሊበላው_ልጅ
እኔ ደሞ ከኒቺረን ጋር ነኝ። ኬላ የሚያቆም ሰው መጀመሪያ ድልድይ እሰራለሁ ይላል፣ ድልድዩ አልቆ እንኳን ኬላው አይነሳም። አገራችን ላይ አላየንም እንዴ

መሐንዲሱ
ድልድይ እኮ ሰርተህ ዞር አትልም፣ በየዓመቱ ጥገና ይፈልጋል። ኬላው ካልተነሳ ጥገናውም ይቀጥል ነው ጥያቄው። ወደቡን ይጠግን ነበር ካለች ከኒንሾ ጋር ነኝ

እቴነሽ_ከሜሪላንድ
ሁለታችሁም እረፉ። ልጄ ሕክምናውስ አሁን እንዴት ነው? ያ መነኩሴ የለም አሁን።

ዩኢጋሃማ_ሰፈር
ደህና ነው እትዬ። የጤና መድን የግድ ነው፣ ሲታመሙ 30 በመቶውን እንከፍላለን፣ 119 ብንደውል አምቡላንሱ በነፃ ነው የሚመጣው። ጠባቡ መንገድ ነው የሚያስፈራኝ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ መኪናው ንቅንቅ አይልም።

ውሃው የክፍለ ሀገሩ ነው፣ ፍሳሹ የከተማው። ውሃ ሲበላሽ አንድ ቦታ ደውዬ "እኛ አይደለንም" ተብዬ ሌላ ጋ የደወልኩት ለዚያ ነው። ይሄ እንኳን ከአገር ቤት ጋር ያመሳስለናል 😂

ጥያቄ_አለኝ
ማዘጋጃ ቤት ትይዋለሽ፣ የት ነው ያለው? ሱናሚ አይደርስበትም?

ዩኢጋሃማ_ሰፈር
ጣቢያው አጠገብ ነው፣ 1969 የተሰራ፣ አርጅቷል። ፉካሳዋ ወደሚባል ሰፈር፣ ድሮ የባቡር ፋብሪካ የነበረበት ባዶ መሬት ላይ እናዛውረው ብለው ነበር። የቦታ ለውጥ ደሞ የምክር ቤቱን ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይጠይቃል፣ 2022 ዲሴምበር ላይ ሳይሞላ ቀረ። የሚደግፉት "አሮጌውን ሕንፃ መንቀጥቀጥ ቢጥለው አደጋውን ማን ያስተባብራል" ይላሉ፣ የሚቃወሙት "ያኛውም እኮ ወንዝ ዳር ነው ጎርፍ አለው፣ ለምን ከመሃል ከተማ ታርቁብናላችሁ" ይላሉ። ያረጁ ሰዎች በእግራቸው የሚደርሱበትን ነው የሚፈልጉት። ባለበት እንገንባ ብትልም ከተማው ውስጥ መሬት በቆፈርክ ቁጥር የሾጉን ዘመን ሸክላና ግንድ ይወጣል፣ አርኪዮሎጂስት ይምጣ ይባላል፣ ትጠብቃለህ።

መሐንዲሱ
ከመሬት በታች ቅርስ፣ ከላይ ኮረብታ፣ ከፊት ሱናሚ። እኔ እዛ ፕሮጀክት ማናጀር ብሆን አንድ ሳምንት አልቆይም

የላሊበላው_ልጅ
እሺ አንድ ነገር ጥሩ ንገሪን። ነዋሪው ያሸነፈበት ቀን አለ?

ዩኢጋሃማ_ሰፈር
አለ። ትሱሩጋኦካ ሃቺማን የሚባለው ትልቁ የሺንቶ መቅደስ (ቡድሃ አይደለም፣ ግን ከተማው ውስጥ ሁለቱ ተቃቅፈው ነው የኖሩት) ከጀርባው ያለውን ሸለቆ 1964 ላይ፣ አበበ ቢቂላ ቶኪዮ ላይ በሮጠበት ዓመት፣ ቤት ሊሰሩበት ተነሱ። ነዋሪዎቹ እምቢ አሉ፣ ፊርማ አሰባሰቡ፣ በኋላ ብር አዋጥተው መሬቱን ገዙት። ነገሩ አድጎ አድጎ 1966 ላይ ኪዮቶን፣ ናራንና ካማኩራን የሚጠብቅ ሕግ ወጣ። የዛሬው ኮረብታ ሁሉ አረንጓዴ የሆነው በነዛ ሰዎች ነው። ማቃጠያ መስሪያ ቦታ የጠፋውም በዚያው ሕግ ጭምር ነው እንግዲህ፣ ቆሻሻዬን በሊትር ስከፍል እሱን አስባለሁ።

ሌላ ደሞ፣ 2013 ላይ ከተማው ብር ቸግሮት የባህር ዳርቻዎቹን ስም ለድርጅት ሸጠ። ሁሉም ሰው ሳይወድ ቀረ፣ አሁን የኛ ዳርቻ ዩኢጋሃማ የሳሙና ስም ሊሰጣት ነው ተባለ። የገዛው የርግብ ቅርጽ ያለው ብስኩት የሚሰራው የከተማው ቶሺማያ ነው፣ ብሩን ከፈለ፣ ሕዝቡን ድምፅ አሰጠና ስሙን እንዳለ ተወው። ዩኢጋሃማ ዩኢጋሃማ ሆና ቀረች። ብስኩቱም ቅቤ ቅቤ ይላል፣ ከቡና ጋር እንዴት ይሄዳል መሰላችሁ።

እቴነሽ_ከሜሪላንድ
እንዲህ ያለ ነጋዴ ያብዛልን። እኔም ያንን ብስኩት ላኪልኝ

ካትሱሺካ_ቦይ
እህታችን በቃ ቅዳሜ ጓደኞቼን ይዤ እመጣለሁ። አምስት ነን። እንጀራ ጋግረናል፣ ባህሩ ዳር አንጥፈን እንበላለን፣ ቡናም እናፈላለን። ያ የቅርጫት ኳስ ካርቱን ላይ ያለው የባቡር ማቋረጫም ፎቶ እንነሳለን

ዩኢጋሃማ_ሰፈር
ኑ ኑ! ግን ስሙኝ። ካማኩራ ጣቢያ አትውረዱ፣ አንድ ቀድሞ ኪታ ካማኩራ ላይ በጠዋት ውረዱ፣ እዛው ኤንጋኩጂ ገዳም አለ፣ 1282 ላይ የተሰራ፣ ከሞንጎሎች ጋር በተደረገው ጦርነት ለሞቱት ለሁለቱም ወገን፣ ለጠላትም ጭምር። ከዛ በእግር ወደ ከተማው ውረዱ። ማቋረጫው ጋ አስፋልት ላይ እንዳትቆሙ፣ ከተማው ጠባቂ አቁሟል፣ ጎረቤቶቹም ምርር ብሏቸዋል። እየሄዱ መብላትም ደንብ ወጥቶለታል፣ ቅጣት የለውም ግን ሰው ያያችኋል።

እንጀራውን ደሞ ባህር ዳር እንዳታወጡት። ጭልፊቶቹ ከኋላ ነው የሚመጡት፣ ክንፋቸው ጆሮህን ይመታሃል እንጂ አታያቸውም፣ የኔን ሳምቡሳ ከአፌ ላይ ነው የወሰደችው። ቤቴ ኑና በረንዳ ላይ እንበላለን።

ካትሱሺካ_ቦይ
ጭልፊት እንጀራ ትበላለች? 😂 እሺ እንመጣለን። ምን እንያዝ?

ዩኢጋሃማ_ሰፈር
ምንም አትያዙ። ስትመለሱ ግን ፌስታላችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ ካትሱሺካ ጣሉት። የኔ ከረጢት ለአምስት ሀበሻ አይበቃም።